ቴክኖሎጂ ወደ ክፍል የሚገባው በሮስተር በኩል ነው

ጥር ሊያልቅ ሲል ድሬዳዋ እኛ ግቢ የማይቀር ነገር አለ። ጎረቤቴ የ4ኛ ክፍል መምህርት ናት። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ፈተና ታርሞ ሲያልቅ በረንዳው ላይ ምንጣፍ ታነጥፋለች። ቁልፎቹ የተፋቁትን ካልኩሌተሯን ታወጣለች። የተማሪዎቹ ውጤት የሚሞላበትን፣ እንደ ጠረጴዛ ልብስ የሚሰፋውን ሮስተር ትዘረጋለች። ከዚያ ለሦስት ቀን ቡና ጠጪ ብሎ የሚጠራት የለም። ልጆቿም ድምፃቸውን ቀንሰው ነው የሚያልፉት።

62 ተማሪ፣ ስምንት የትምህርት ዓይነት። 496 ቁጥር መሆኑ ነው። ያን ሁሉ ወደ ጎን መደመር፣ አማካይ ማውጣት፣ ከዚያ ከ1ኛ እስከ 62ኛ ደረጃ መስጠት። ስርዝ ድልዝ አይፈቀድም። የአንዱን ልጅ 78 በስህተት 87 ብላ ከደመረች የእሱ ብቻ ሳይሆን የብዙ ልጅ ደረጃ ይዛባል። ካርድ ከተሰጠ በኋላ ወላጅ "ልጄ ተበድሏል" ብሎ ከመጣ ደግሞ እንደገና ከሀ።

ዘንድሮ የእህቷ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጥቶ ነበር። ቆሞ ሲያያት ቆየና "አክስቴ፣ ይሄንን እኮ ኤክሴል ያወጣዋል" አላት። ላፕቶፑን ምንጣፉ ላይ አስቀምጦ አሳያት። የአንዱን ልጅ ውጤት ደመረ። ከጥግ ይዞ ወደ ታች ሲጎትተው የ62ቱም ተደመረ። ዝም ብላ አየችው። ከዚያ "አቦ! አንተ እስከ ዛሬ የት ነበርክ?" አለችው። እየሳቀች ነው፤ ግን ንዴትም ነበረበት። 18 ዓመት፣ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ሦስት ቀን። አስልቼዋለሁ፤ 108 ቀን ነው።

ይህን የማነሳው ኤክሴል ለመስበክ አይደለም። ስለ ትምህርትና ቴክኖሎጂ ስናወራ ሁሌ ከዕቃው ስለምንጀምር ነው። ስንት ታብሌት መጣ፣ ስንት ስማርት ክፍል ተመረቀ፣ ስንት ኮምፒውተር ተበረከተ። መምህሯን ምን ያስቸግራታል የሚለው ጥያቄ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፣ ከመጣ። እኔ እንደታዘብኩት ግን ነገሩ የሚሠራው በተገላቢጦሽ ነው። መምህር ቴክኖሎጂን የሚለምደው መጀመሪያ ከራሱ ትከሻ ላይ ሸክም ሲያነሳለት ነው። ለተማሪው የሚተርፈው ከዚያ ወዲያ ነው።

ዕቃው ቀድሞ ሲመጣ

የኔ ዕድሜ ሰው ፕላዝማን አይረሳም። በ1990ዎቹ መጨረሻ 9ኛ ክፍል የገባን ልጆች ነን። ክፍላችን ውስጥ ትልቅ ቴሌቪዥን ተተከለ። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል። በእንግሊዝኛ ነው፤ ፈጣን ነው። ስክሪኑ ላይ ያለችው አስተማሪ ጥያቄ ትጠይቅና ጥቂት ሰከንድ ጠብቃ ራሷ ትመልሳለች። የኛ መምህር ከጎን ቆሟል። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ደቂቃ፣ መጨረሻ ላይ ትንሽ ደቂቃ ተሰጥቶታል። መሀሉ የእሱ አይደለም። እጅ አውጥተን ብንጠይቅ ቴሌቪዥኑ አይሰማም። መምህራችን ቢመልስልን ደግሞ ቀጣዩ ያመልጠናል። መብራት ከሄደ ትምህርቱም ሄደ። ሳተላይት ለድሬዳዋ መብራት ብሎ አይቆምም።

ፕላዝማው ምንም አልጠቀመም አልልም። ቤተ ሙከራ በቅጡ ላላየን ልጆች ብዙ ሙከራ ያየነው እዚያ ላይ ነው። ችግሩ መምህሩን ረዳት አድርጎ መምጣቱ ነው። ሰውየው ክፍሉን ያውቃል። ማን እንደገባው፣ ማን እንደተኛ፣ ማን ቁርስ ሳይበላ እንደመጣ ያውቃል። ያን ሁሉ ይዞ ዳር ቆመ። ዓመታት አለፉና በብዙ ትምህርት ቤት ፕላዝማው ራሱ ጠቁሮ ዳር ቀረ።

ይሄ የኛ ብቻ በሽታ አይደለም። ፔሩ ከ800 ሺህ በላይ ላፕቶፕ ለልጆች አድላለች። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ግምገማ ላፕቶፕ ያገኙት ልጆች በሒሳብና በቋንቋ ፈተና ካላገኙት እንዳልተሻሉ አሳየ። በዚያው ዓመት ላፕቶፖቹን የሠራው "አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ" የተባለው ፕሮጀክት እኛም አገር መጥቶ ነበር። ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ላሉ ልጆች ታብሌት ያለ መምህር ተሰጠ። ልጆቹ በደቂቃዎች ውስጥ ከፍተው አበሩት፤ በወራት ውስጥ ደግሞ የተዘጋውን ካሜራ ሰብረው አስከፈቱት ተባለ። ዓለም አጨበጨበ። እኔም ኮርቻለሁ። ግን ልጅ ዕቃ ለመክፈት መምህር አስፈልጎት አያውቅም። የጎረቤቴ የሦስት ዓመት ልጅ የእናቷን ስልክ ከፍታ ዩቲዩብ ትገባለች። ማንበብ ግን አትችልም።

እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የዩኔስኮ ዓለም አቀፍ የትምህርት ክትትል ሪፖርት ሙሉ ለሙሉ ስለዚህ ጉዳይ ነው። ቴክኖሎጂ ለትምህርት ይህን ያህል ጨመረ የሚል አስተማማኝ ማስረጃ ጥቂት መሆኑን ሳይሸፋፍን ይናገራል። ዕቃ በመቁጠር ትምህርት አይለካም ነው ነገሩ።

ሞዴል 22

ብዙ ጊዜ "መምህራን ቴክኖሎጂ ይፈራሉ" ሲባል እሰማለሁ። በተለይ ዕድሜያቸው ገፋ ያሉት ላይ ነው የሚለጠፈው። ይህቺ አባባል ታናድደኛለች። እነዚሁ መምህራን ደሞዛቸውን በቴሌብር ያንቀሳቅሳሉ፣ ቴሌግራም ላይ ያመሻሉ፣ የልጃቸውን ሰርግ በስልክ ቀርጸው ለዘመድ ይልካሉ። የቱን ነው የሚፈሩት?

ጎረቤቴን ጠየቅኳት። መልሷ አጭር ነበር። "ፊርማውን።"

ነገሩ እንዲህ ነው። የትምህርት ቤቱ ላፕቶፕ ንብረት ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። ለማውጣት ሞዴል 22 በሚባለው የንብረት ማውጫ ቅጽ ላይ ትፈርማለህ። ከፈረምክ ያንተ ነው። ወደቀ፣ ተሰረቀ፣ ቫይረስ በላው፣ ልጆች ውኃ አፈሰሱበት፣ መልሱ አንድ ነው፤ ከደሞዝህ ይቆረጣል። የመምህር ደሞዝ ደግሞ ላፕቶፕ ለመተካት ስንት ወር እንደሚፈልግ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ብልህ ሰው አይፈርምም። ዕቃው ፕላስቲኩ ሳይላጥ መደርደሪያ ላይ ያረጃል። በሪፖርት ላይ ግን "አለ" ተብሎ ይጻፋል።

ይህን ፍርሃት ሥልጠና አያክመውም። አሠራር ነው። አንድ ዕቃ ለማስተማር ሲወጣ እንደሚያልቅ ነገር መታየት አለበት፣ እንደ ጠመኔ። ጠመኔ ተሰበረ ብሎ መምህር የሚጠይቅ የለም። ላፕቶፕ ጠመኔ አይደለም ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ግን ሊሰበር ይችላል ተብሎ የተቆለፈ ላፕቶፕና ከነጭራሹ የሌለ ላፕቶፕ ለ4ኛ ክፍል ልጅ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

መስኮቱን ክፈቱ፣ መስኮቱን ዝጉ

አንድ ጊዜ ግን ፈረመች። ፕሮጀክተር ነበር። የአካባቢ ሳይንስ ትምህርት ነው፤ የውኃ ዑደት። ስላይዱን የእህቷ ልጅ አሳምሮ ሠራላት። ፀሐይ፣ ባሕር፣ ደመና፣ ቀስቱ ሁሉ ይንቀሳቀሳል። ከሰዓት ፈረቃ ነበረች። ወሩ ግንቦት።

ድሬን የሚያውቅ ከዚህ በኋላ ያለውን ይገምታል። ፕሮጀክተሩ በራ፤ ግድግዳው ላይ ግን ምንም የለም። መጋረጃ የሌለው ክፍል ነው። የድሬ ፀሐይ በአራት መስኮት ገብታ የፕሮጀክተሩን መብራት ዋጠችው። "መስኮቱን ዝጉ" አለች። ልጆቹ ተሯሩጠው ዘጉ። ምስሉ ታየ፤ ልጆቹ አጨበጨቡ። አምስት ደቂቃ አልቆየም። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ እዚህ ከተማ ቀትር ላይ 35 ዲግሪ ማለፍ ብርቅ አይደለም። ጣራው ቆርቆሮ ነው። 62 ልጅ ተቀምጧል። "ቲቸር ሞቀን!" "ቲቸር ውኃ ልጠጣ!" "መስኮቱን ክፈቱ" አለች። ከፈቱ። ደመናውም ባሕሩም ጠፋ። እንደገና ዝጉ፣ እንደገና ክፈቱ። መጨረሻ ላይ ጠመኔዋን አንስታ የውኃ ዑደቱን ሰሌዳ ላይ ሳለችው።

ይህን ስትነግረኝ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። በኋላ ግን አሰብኩት። ያን ፕሮጀክተር የገዛው ሰው ስለ ብርሃን ጥንካሬው፣ ስለ ዋጋው፣ ስለ ዋስትናው ጠይቆ ይሆናል። ስለ መስኮቱ የጠየቀ አልነበረም። አንዲት መምህርት ብትጠየቅ ግን ገና ከመገዛቱ በፊት ትነግራቸው ነበር። ለዚህ ምርምር አያስፈልግም፤ እዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ከሰዓት መዋል ይበቃል።

ሦስት ቋንቋ፣ አንድ ኪቦርድ

ድሬዳዋ ላይ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ይሰጣል። ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ይወራል። ስለ ኪቦርዱ ግን የሚያነሳ ሰው አላየሁም።

ሶማሊኛ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ በላቲን ይጻፋል። አፋን ኦሮሞም እ.ኤ.አ. ከ1991 ወዲህ በላቲኑ ቁቤ ነው። የሁለቱ መምህራን ኮምፒውተር ፊት ከተቀመጡ ፊደላቸው ቁልፉ ላይ ተጽፎ ይጠብቃቸዋል። የአማርኛው መምህር ግን መጀመሪያ ሶፍትዌር መጫን አለበት። ከዚያ "ጨ" የት እንዳለች መፈለግ። ከዚያ ሰባቱን ፊደል በየትኛው አናባቢ እንደሚያወጣ መልመድ። ያው መምህር፣ ያው ላፕቶፕ፣ ያው የሥልጠና ቀን ነው፤ ግን አንዱ ፈተና ጽፎ ሲጨርስ ሌላው "ትዕዛዝ አንድ" የሚለውን አልጨረሰም።

የድሮው የፎንት ጣጣም አልለቀቀንም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ብዙ ሰው ግን ከዚያ በኋላም በድሮዎቹ ፎንቶች መጻፉን ቀጥሏል። ጎረቤቴ ከሥራ ባልደረባዋ የጥያቄ ባንክ በፍላሽ ተሰጣት። ስትከፍተው ከላይ እስከ ታች የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቅንፍና ቃለ አጋኖ ነው። "ኮምፒውተሬ ተበላሸ" ብላ ደነገጠች። አልተበላሸም። የተጻፈበት ፎንት እሷ ጋ ስለሌለ ነው። ይህን የሚነግራት ሰው ባይኖር ኖሮ ያ ላፕቶፕ ዳግመኛ አይከፈትም ነበር። አንድ ሰው ከቴክኖሎጂ ጋር የሚጣላው እንዲህ ባለች ተራ ነገር ነው።

መውጫውን ያገኘችው ስልኳ ላይ ነው። ጉግል አማርኛን በድምፅ መጻፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ እሷ ያወቀችው ግን ባለፈው ዓመት ነው። አሁን የፈተና ጥያቄ ስታወጣ በረንዳው ላይ እየተንጎራደደች ለስልኳ ትናገራለች። "የአፈር መሸርሸርን የሚያስከትለው የቱ ነው" ትላለች፤ ይጻፋል። አራት ነጥቡንና የጥያቄ ምልክቱን ራሷ ታስገባለች። አንዳንዴ ጉድ ይጽፋል፤ ታርመዋለች። እርማት ደግሞ የ18 ዓመት ሥራዋ ነው፤ ማንም አያስተምራትም። ድሮ ፈተናዋን ለማስጻፍ ኮፒ ቤት ተሰልፋ በገጽ ትከፍል ነበር።

የዶላሯ ምልክት

ወደ ሮስተሩ ልመለስ፤ ምክንያቱም የነገሩ ዋና ፍሬ እዚያ ውስጥ ነው።

የእህቷ ልጅ ድምርና አማካዩን አሳይቷት ወደ ጓደኞቹ ወጣ። ደረጃውን ራሷ ልሞክር አለች። ደረጃ የሚያወጣውን ፎርሙላ የመጀመሪያው ልጅ ላይ ጻፈች። ልክ መጣ። እንዳየችው ከጥግ ይዛ ወደ ታች ጎተተች። 62ቱም ደረጃ አገኙ። ደስ አላት።

ከዚያ አየችው። የስም ዝርዝሩ በፊደል ተራ ነው። መጨረሻ ላይ ስሙ በ"ፍ" የሚጀምር ልጅ አለ። ኮምፒውተሩ 1ኛ አድርጎታል። "ይሄ ልጅ?" አለች። ልጁን ታውቀዋለች። ጨዋ ነው፣ ይሞክራል፣ ግን ማባዛት ገና ያስቸግረዋል። ከፍ ብላ አየች። ሌላም 1ኛ አለ። 2ኛ የሆኑት ደግሞ አራት ናቸው።

ምን እንደሆነ ኤክሴል የሚያውቅ ይገባዋል። ፎርሙላው ወደ ታች ሲጎተት የሚያወዳድረው ዝርዝርም አብሮ ወደ ታች ይንሸራተታል። የመጀመሪያው ልጅ ከ62ቱ ጋር ይወዳደራል፤ ሁለተኛው ከ61 ጋር፤ የመጨረሻው ከራሱ ጋር ብቻ። ብቻውን የሮጠ ደግሞ አንደኛ ነው። ዝርዝሩ እንዳይንሸራተት በዶላር ምልክት መቸንከር ነበረበት። ማታ የእህቷ ልጅ ሲመለስ አሳያት። "ይቺ ዶላር ናት ሁሉንም ያበላሸችው?" አለች። ድሬ ላይ ዶላር ሲባል ሌላ ነገር ስለሚታሰብ ግቢው በሙሉ ሳቀ።

እኔን የገረመኝ ግን ስህተቱ አይደለም። ስህተቱን ማን እንዳገኘው ነው። ኮምፒውተሩ አላገኘውም። ኤክሴል በደንብ የሚያውቅ፣ ልጆቹን ግን የማያውቅ ሰው ቢሠራው ኖሮ ምናልባት አትሞ ይፈርምበት ነበር። እሷ ያገኘችው ልጁን ስለምታውቀው ነው። በትምህርት ጥናት ውስጥ ይህን የሚገልጽ ማዕቀፍ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ሚሽራና ኮህለር የተባሉ ሁለት ምሁራን ያቀረቡት። መምህር ሦስት ዓይነት እውቀት ያስፈልገዋል ይላሉ፤ የትምህርቱን ይዘት፣ የማስተማሩን ጥበብና ቴክኖሎጂውን። ዋጋ ያለው ሦስቱ የሚገናኙበት ቦታ ነው። የኛ ሥልጠና ሦስተኛውን ብቻ ነጥሎ ይሰጣል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ያሏትን ሴትዮ እንደ ባዶ ዕቃ ቆጥሮ።

ሥልጠናው

ሥልጠና አልተሰጠም ማለት አይቻልም። መምህራን በተከታታይ የሙያ ማሻሻያ መርሃ ግብር በዓመት 60 ሰዓት ራሳቸውን እንዲያሻሽሉ ይጠበቃል። ጎረቤቴም የኮምፒውተር ሥልጠና ወስዳለች። ሁለት ቀን፣ አንድ አዳራሽ፣ ለሦስት ሰው አንድ ላፕቶፕ። የኮምፒውተር ታሪክ ተነገራቸው። የሃርድዌርና የሶፍትዌር ልዩነት በደብተር ተገለበጠ። ከሦስቱ አንዱ ጎበዝ ስለሆነ ማውዙን እሱ ያዘው። ሰርተፍኬቱ እቤቷ ግድግዳ ላይ አለ። ስለ ሮስተር አንድ ቃል አልተነሳም።

ፍሬድ ዴቪስ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1989 ሰው አዲስ ቴክኖሎጂ የሚቀበለው ለሁለት ጥያቄ መልስ ሲያገኝ ነው ብሏል። ይጠቅመኛል? አይከብደኝም? በዚህ ቅደም ተከተል። ሁለት ቀን አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠችው መምህርት ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አላገኘችም። በረንዳው ላይ ግን በአንድ ደቂቃ አገኘች።

ድሬዳዋ ራሷ የቴክኖሎጂ ልጅ ናት። በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲዱ እዚህ ባይደርስ ከተማዋ አትኖርም ነበር። የባቡሩ ሠራተኞች ሙያውን ያወቁት በስብከት አይመስለኝም። ወርክሾፕ ውስጥ ከሚያውቅ ሰው ጎን ቆመው፣ የተበላሸ ነገር ፊታቸው ተቀምጦ ነው። የመምህሩም ከዚህ አይለይም። ሁለት ቀን አዳራሽ ከሚሆን በየጉድኝቱ፣ ማለትም በየጎረቤት ትምህርት ቤቶቹ ስብስብ፣ አንድ የሚያውቅ መምህር ቢኖርና ሐሙስ ሐሙስ መምህራን ክፍል ውስጥ ቢቀመጥ፣ "ምን አስቸገራችሁ?" ብቻ ቢል፣ የበለጠ ያመጣል። ርካሽም ነው። ሪባን አይቆረጥበትም፤ ምናልባት ችግሩ እሱ ይሆናል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭም መምህራንን ጋብዟል። ለወጣት በጣም ጥሩ ዕድል ነው፤ በነፃ ነው። ለ4ኛ ክፍል መምህርት ግን አንድሮይድ መተግበሪያ መሥራት የመጀመሪያው ደረጃ አይመስለኝም። ኮርሱም በእንግሊዝኛ ነው። መሰላሉ ላይ አምስተኛው እርከን ተገጥሞ የመጀመሪያው ተረሳ እንደማለት ነው።

አንድ ስልክ፣ አንድ ስፒከር

ከፕሮጀክተሩ በኋላ ጎረቤቴ ተስፋ ቆረጠች ብዬ ነበር። አልቆረጠችም። ሮስተሩ ልቧን ከፍቶታል መሰለኝ። ስልኳ ለ62 ልጅ ስክሪኑ ትንሽ ነው። ድምፁ ግን ይበቃል፤ ከታይዋን ገበያ አንዲት ብሉቱዝ ስፒከር ገዛች። በራሷ ገንዘብ።

ከተማችንን የሚያቋርጠውን የደቻቱን ወንዝ ታውቃላችሁ። ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። ሚያዝያ ላይ ግን ከላይ ዝናብ ዘነበና ጎርፍ መጣ። ድልድዩ ላይ ቆማ ቀረጸችው። ክፍል ገብታ ምስሉን አላሳየችም። ድምፁን ብቻ ለቀቀችው። "ይሄ የምን ድምፅ ነው?"

"ባቡር!" "ሲኖትራክ!" "ዝናብ!" አንዷ "ሕዝብ ነው፣ ስታዲየም" አለች። ከኋላ አንድ ልጅ ቀስ ብሎ "ደቻቱ" አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ። "እንዴት አወቅክ?" አያቱ ናት ያወራችለት። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። እነዚህ ልጆች ያኔ አልተወለዱም። ቤታቸው ግን ታሪኩ አለ። የቤት ሥራው በዚያው ወጣ፤ እያንዳንዱ ቤት ሄዶ ጠይቆ ይምጣ። በማግስቱ 62 ልጅ የሚያወራው ነበረው። የውኃ ዑደቱ፣ የደን መመንጠሩ፣ ጎርፉ ለምን ከላይ እንደሚመጣ፣ ሁሉም በዚያ በኩል ገባ። መስኮቱም ክፍት ነበር።

ሌላም ትሠራለች። ማንበብ የሚያስቸግራቸውን ልጆች በእረፍት ሰዓት አንድ አንድ አንቀጽ አስነብባ ትቀርጻለች። መልሳ ታሰማቸዋለች። በወሩ መጨረሻ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን አጠገብ ለአጠገብ ትለቅላቸዋለች። ልጅ የራሱን ድምፅ ሲሻሻል ሲሰማ ፊቱ ላይ የሚሆነውን አይቻለሁ፤ አንዱን ቅጂ ስታሰማው እዚያ ነበርኩ። እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን የተደረገው የንባብ ምዘና ብዙ የ2ኛ ክፍል ልጆች አንድም ቃል ማንበብ እንደማይችሉ አሳይቶ ነበር። ያለን ትንሽ ቴክኖሎጂ የት መዋል እንዳለበት ለመወሰን ይህ ይበቃል።

ሰው ሠራሽ አስተውሎትንም ሞክራለች። የትምህርት እቅድ አስወጣችው። እንግሊዝኛውን አሳምሮታል። አማርኛው ግን "ከሌላ አገር መጥቶ የለመደ ሰው ይመስላል" አለችኝ። ጥያቄ ስታስወጣው ሁለቱ ትክክለኛ መልስ የሆኑበት ምርጫ አቀረበላት። እንደ ጎበዝ ግን ችኩል ረዳት ይዛዋለች፤ ሳታርም አትቀበለውም።

ዳታው በእሷ ኪስ ነው። ድሬ በዚህ በኩል ዕድለኛ ናት፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎቱን በነሐሴ 2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሞከረው እዚህ ነው። ውድድር መጣ፣ አማራጭ በዛ። ቢሆንም የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጽሐፍ ባልደረሰበት ክፍል ፒዲኤፉን የምታወርደው፣ ለወላጅ በቴሌግራም የምትልከው፣ ቪዲዮውን የምትፈልገው በራሷ ጥቅል ነው። ጠመኔ ከትምህርት ቤቱ ይሰጣታል። ሜጋባይት ግን የሚሰጣት የለም። ይህ ነገር ለምን በየትኛውም እቅድ ውስጥ እንደማይታይ አይገባኝም።

ሮስተሩስ? ዶላሯ ገብታበት በአንድ ምሽት አለቀ። አሳትማ ስታስረክብ ግን "በእጅ የተጻፈ ነው የምንቀበለው" ተባለች። ቅጹ ያው ትልቁ ወረቀት ነው። ስለዚህ ምንጣፉ እንደገና ተነጠፈ። የእህቷ ልጅ ከላፕቶፑ ያነባል፣ እሷ ትጽፋለች። "87... 64... 71..." "ቀስ በል አቦ፣ ስርዝ ድልዝ አይቻልም!"

ሁለት ምሽት ፈጀ። በሁለተኛው ምሽት ቡና ጠጪ ስንላት መጣች።